ስልኬ ላይ የቀረው የላብ አሻራ፦ ሰውነቱ የማይረጋጋ የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ መድሃኒቱ ይሰራለታል ወይ? (ጥያቄውና 18ቱ መልሶች)

ሰላም ቤተሰብ። ይሄን ክር የከፈትኩት የዛሬ ወር አካባቢ ነው፣ መልሱ እየበዛ ሲመጣ አዲስ የሚገባው ሰው ከላይ የተባለውን ሳያነብ ያንኑ ደግሞ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ጥያቄዬንም መልሶቹንም በተራ ቁጥር በራሴ አነጋገር ጻፍኳቸው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ብዙ ሰው የቤቱን ገመና ነው ያወጣው፣ ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው የያዝኩት።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ (ድምፅ የሚያሰማ፣ ሰው ያሴርብኛል የሚያሰኝ የአእምሮ ህመም) ነው ከተባለ ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ሃሎፔሪዶል ነበር የሚወስደው፣ ከዛ ሪስፔሪዶን ተቀየረለት፣ ድምፆቹ ቀነሱለት፣ ጎረቤት እያሴረብኝ ነው የሚለውም ረገብ አለ። ሰውነቱ ግን አልተረጋጋም። የግቢያችን በር ቆርቆሮ ነው፣ ሰው ሲያንኳኳ እኔ ሁለት ሶስቴ ከሰማሁት በኋላ ጆሮዬም አይሰጠው፣ እሱ ግን በቀን ለአስረኛ ጊዜ ቢንኳኳም ልክ እንደ መጀመሪያው ብርግግ ነው የሚለው፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ይወጣል፣ ቁና ቁና ይተነፍሳል፣ ቶሎም አይመለስለትም። መዳፉ ደሞ ላብ በላብ ነው። ስልኬን ተቀብሎኝ ዩቲዩብ ሲያይ ቆይቶ ሲመልስልኝ የስልኩ ጀርባ ላይ አራት ጣቱ እርጥብ ሆኖ ታትሞ አገኘዋለሁ፣ በቀሚሴ ነው የምጠርገው። አምና ጥቅምት ላይ ሲያገረሽበት ከዛ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ይሄ አሻራ ብሶ ነበር፣ ንግግሩ ግን ምንም አልነበረውም፣ ቀጠሮው ላይ ድምፅ ትሰማለህ ወይ ሲባል አልሰማም አለ፣ እውነቱንም ነበር። ከዛ አንድ ሌሊት በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ሁለት ቀን ፈልገን ነው ያገኘነው። ስለዚህ እኔ የማምነው ሰውነቱ ቀድሞ ነግሮን ነበር፣ እኛ ነን ያልሰማነው። የጠየቅኩትም ሰውነቱ እንዲህ ተወጥሮ የሚኖር ሰው መድሃኒት ይሰራለታል ወይስ አይሰራለትም፣ ይሄንንስ ከሰውነቱ አይቶ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል ወይ ብዬ ነው።

መልስ 1። መጀመሪያ የመለሱልኝ ደሴ ያሉ እናት ናቸው። እግዜር ይማርልሽ ብለው ከመረቁኝ በኋላ የሳቸው ልጅ ላይ መጀመሪያ የሚሄደው እንቅልፍ እንደሆነ ነገሩኝ፣ ሁለት ሌሊት ሳትተኛ ካደረች ሶስተኛውን አይጠብቁም፣ ይዘዋት ይሄዳሉ። መዳፏን ግን ልብ ብለው አይተው እንደማያውቁ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደሚያዩ ጻፉ።

መልስ 2። የሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ነርስ ናት። በክትትል ቀን ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ደቂቃ ትንሽ መሆኑን፣ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ድምፅ፣ ራስን ስለማጥፋት ማሰብ ይጠየቅና መዳፍ የሚነካ ሰው እንደሌለ በግልፅ አመነች። መቁነጥነጥና እንቅልፍ ማጣት ከማገርሸት በፊት እንደሚመጡ፣ እነሱንም ከሐኪም ቀድሞ የሚያየው ቤተሰብ እንደሆነ ጨመረች። አዲስ መድሃኒት ሲጀመር ግን ቸኩለን አልሰራም እንዳንል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ እንዳለብን አሳሰበች። ይሄ ስድስት ሳምንት ያለችው ወደታች ክርክር ያስነሳል።

መልስ 3። ይሄንን ሶስቴ ነው ያነበብኩት። የሳይካትሪ ሬዚደንት ናት (ስፔሻሊስት ለመሆን እየተማረች ያለች ሐኪም)፣ እኔ ስልኬ ላይ ያየሁት ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ሲለካ የኖረ መሆኑን ስታስረዳኝ እንባዬ ነው የመጣው፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ሁሉም አንቺ ነሽ የምትጨነቂው ነበር የሚለኝ። በፈረንጅ 1907 ካርል ዩንግ የሚባለው የስዊስ የአእምሮ ሐኪምና ፒተርሰን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጋልቫኖሜትር (ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚለካ መሳሪያ) ይዘው የጤነኛና የአእምሮ ታማሚ ሰዎችን ቆዳ ለክተዋል። ነገሩ ቀላል ነው፣ ሁለት ጣት ላይ ትንንሽ ብረት ይታሰራል፣ ሰው የማይሰማው በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቀቃል፣ መዳፍ ሲያልበው ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ያልፋል፣ ማሽኑ ያንን ይመዘግባል። ከዛ በ1972 እንግሊዝ አገር ግሩዜሊየርና ቬነብልስ ታማሚዎቹን ተመሳሳይ ድምፅ ደጋግመው ሲያሰሟቸው ሁለት ዓይነት ሰው አገኙ፣ አንዱ ጭራሽ ቆዳው መልስ የማይሰጥ፣ ሌላው ደግሞ መልስ መስጠቱን የማያቆም፣ ማለትም ድምፁን የማይለምድ። ጤነኛ ሰው ሲሆን ሁለት ሶስቴ ይመልስና ይለምደዋል፣ ጭራሽ የማይመልሰው ከመቶ ከአምስት እስከ አስር ቢሆን ነው፣ በስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ግን በብዙ ጥናት ላይ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አይመልስም። የወንድምሽ ከሁለተኛው ወገን ይመስላል አለችኝ፣ የቆርቆሮ በሩ ማለት ነው።

ወደ ጥያቄዬ ስትመጣ በ1979 ለንደን ኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ፍሪዝና ጓደኞቹ ህመሙ የተነሳባቸውን ሰዎች ህክምናው ሳይጀመር ለክተው ከአራት ሳምንት በኋላ ሲያዩ፣ ድምፁን መልመድ ያቃታቸው ከለመዱት ያነሰ ነው የተሻላቸው። ሎስ አንጀለስ ደግሞ ዳውሰንና ኑክተርላይን ሰዎችን ለረጅም ጊዜ እየተከታተሉ ሲለኩ ሊያገረሽ ሲል የቆዳው መለኪያ ከደህናው ጊዜ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ስለዚህ ያየሽው ነገር አለ፣ ግን በቡድን ሲታይ የሚታይ ነገር ነው፣ አንድን ሰው አስቀምጦ ይሄ መድሃኒት ይሰራልሃል አይሰራልህም ለማለት የሚበቃ አይደለም፣ ማንም ክሊኒክ በዚህ ለክቶ መድሃኒት አይመርጥም ብላ ጨረሰች።

መልስ 4። አጭርና ኮስታራ ነበር። ክፍለ ሀገር ያለ ልጅ ነው፣ እኛ ጋ ሃሎፔሪዶል ራሱ በየሁለት ወሩ ይጠፋል፣ ስለ ጣት ላብ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሀሳብ ነው ያለው። አልተቀየምኩም። መድሃኒት ለመግዛት ዘጠኝ ፋርማሲ ዞሬ ባዶ እጄን የተመለስኩበትን ቀን አስታውሼ እውነትህን ነው ብዬ መለስኩለት፣ ግን ላብ ማየት ገንዘብ አያስወጣም አልኩት።

መልስ 5። ፋርማሲስት ነው፣ የመልስ 3ን አስተካከለ፣ እኔን ደግሞ ትንሽ አስደነገጠኝ። የመዳፍ ላብ እጢን የሚያዘው ሰውነትን ለሩጫና ለድብድብ የሚያነሳው ነርቭ ነው፣ ነገር ግን ነርቩ እጢው ጋ ሲደርስ የሚረጨው አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክት አድራሽ ኬሚካል ነው። እና አርቴን የሚባለው ኪኒን፣ ለመንቀጥቀጥና ለመገተር ከሃሎፔሪዶል ጋር አብሮ የሚሰጠው፣ የሚዘጋው ይህንኑ አሴቲልኮሊን ነው። ለዛ ነው አርቴን የሚወስድ ሰው አፉ የሚደርቀው፣ መዳፉም ይደርቃል። ክሎርፕሮማዚንና ክሎዛፒን የሚባሉት የዚሁ ህመም መድሃኒቶች ራሳቸው እንዲህ ዓይነት ባህሪ አላቸው። ስለዚህ የደረቀ መዳፍ የተረጋጋ ሰው ማለት ላይሆን ይችላል፣ እርጥብ መዳፍም አርቴን ያለቀበት ሰው ሊሆን ይችላል። የድሮዎቹን ጥናቶችም ስታነቡ ሰዎቹ ምን እየወሰዱ እንደተለኩ ሳትጠይቁ አትለፉ ብሎ አስጠነቀቀ።

እኔ ማታውኑ የመድሃኒት ደረሰኝ የማጠራቅምበትን ፌስታል ዘረገፍኩት። የአምናው ጥቅምት ላይ አርቴኑ አልቆ ነበር፣ ግን ያለቀው በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እየወሰደ ነው ስልኬ ላይ ያ ሁሉ አሻራ የነበረው። እዚሁ ጻፍኩት። ፋርማሲስቱ ተመልሶ ለመጀመሪያው ሳምንት አርቴንን ተጠያቂ ማድረግ እንደማይችል፣ ለሁለተኛው ግን እኔም ህመሙን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ እንደሌለብኝ ነገረኝ። ልክ ነው፣ ተቀበልኩ።

መልስ 6። እዚህ ላይ ክሩ ወደ ሌላ ሄደ። አንድ ሰው ገብቶ መድሃኒቱ ሰውን ከማደንዘዝ ሌላ ምንም እንደማያደርግ፣ የፈረንጅ ኪኒን ትታችሁ ጸበል ውሰዱት፣ የሚያስበረግገው ሌላ ነገር ነው የሚል ነገር በረጅሙ ጻፈ።

መልስ 7። በጣም ጨዋ መልስ ነበር። አክስቱን ጸበል ይዞ የቆየ ሰው ነው፣ እሱም የሚያምን ሰው እንደሆነ፣ ያጠመቋት አባት ግን መድሃኒቷን አቁሚ ብለዋት እንደማያውቁ፣ እንዲያውም ጠዋት ተጠምቃ ስትጨርስ ኪኒኗን በጸበሉ እንደምትውጥ አስረዳ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም ነው ነገሩ። ይሄን የጻፈውን ሰው ብዙ ሰው አመሰገነው፣ እኔም።

መልስ 8። ይሄ ደግሞ ተናዶ ነው የጻፈው። ታላቅ ወንድሙ ልክ እንደ መልስ 6 ያለ ምክር ሰምቶ መድሃኒቱን ጣለ፣ በሶስተኛው ወር እቤት ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ነበር፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳው እስካሁን አለ። በማታውቀው ነገር ሰው አታስገድል የሚል ሀይለኛ ቃል ተናግሮታል፣ መልስ 6ም መለሰለት፣ ሶስት አራቴ ተመላለሱና አድሚኑ ስድቡን አጥፍቶ ስለ ወንድምየው የተጻፈውን ብቻ ተወው። ልክ ነው ያደረገው፣ ያ ታሪክ መጥፋት የለበትም።

መልስ 9። ከሁሉም ይበልጥ ያስተማረኝ ይሄ ነው። የጻፈው ራሱ ታማሚው ነው። እዚህ ሁሉም ስለኛ ያወራል፣ እኛን የሚጠይቅ የለም ብሎ ነው የጀመረው፣ ትክክል ነው። በየወሩ የሚወጋ የፍሉፌናዚን መርፌ ተጀምሮለት ነበር፣ በሁለተኛው መርፌ ሰሞን እግሩ አላስቀምጥ አለው። ቁጭ ሲል ከጉልበቱ በታች አጥንቱ ውስጥ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስለዋል፣ ይነሳል፣ ሲነሳ ቀለል ይለዋል፣ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል። ሌሊቱን ግቢ ውስጥ ከበሩ እስከ ውሃ ቧንቧው እየተመላለሰ ያነጋል፣ አባቱ በመስኮት ያዩታል። ምሳ ላይ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል፣ ቤተክርስቲያን ቅዳሴ መቆም የሚችለው ሲራመድ ብቻ ስለሆነ መሄድ ተወ። ቤተሰቡ ህመሙ ተነሳበት ብለው ወሰዱት፣ የታከመበት ቦታ (ስሙን አልጻፈም፣ እኔም አልጠየቅኩትም) መቁነጥነጡን አይተው መድሃኒቱን ጨመሩለት። ባሰበት። እንደገና ጨመሩለት። በዛ ሰሞን ድምፅ እየሰማ አልነበረም፣ ራሱን ለማጥፋት ያሰበው ግን ያኔ ነው፣ ከእግሩ ለማምለጥ ብሎ።

ያዳነው ጥያቄ አንድ ነው። አዲስ የመጣ ነርስ፣ አልቀመጥ ያለህ ሀሳብህ ነው ወይስ እግርህ ብሎ ጠየቀው። እግሬ አለ። መጠኑ ተቀነሰለት፣ ፕሮፕራኖሎል የሚባል የልብ ምት የሚያረግብ ኪኒን ተጨመረለት፣ በሳምንቱ ከቤተሰቡ ጋር አንድ ምሳ ከቡና እስከ ዕጣኑ ቁጭ ብሎ ጨረሰ። እናቱ ስታለቅስ እሱ ለምን እንደምታለቅስ አልገባውም ነበር። እና ለሁላችንም የጠየቀን ነገር፣ ሰው ሲቁነጠነጥ ስታዩ መድሃኒት ከመጨመራችሁ በፊት ይሄንን አንድ ጥያቄ ጠይቁልን ነው።

ይሄን ካነበብኩ በኋላ ዋናው ጥያቄዬ ራሱ ተቀየረብኝ። እኔ ውጥረቱን አንድ ነገር አድርጌ ነበር የማየው።

መልስ 10። ሬዚደንቷ ተመለሰች፣ መልስ 9ን በጣም አመስግና ነገርየው መድሃኒቱ ራሱ የሚያመጣው አካቲዢያ የሚባል መቁነጥነጥ እንደሆነ፣ ከህመሙ መነሳት ጋር እየተምታታ መጠን የሚያስጨምር የተለመደ ስህተት እንደሆነ አረጋገጠች። ለምን መጨመሩ እንደማይጠቅምም አስረዳች፣ የካናዳው ሺቲጅ ካፑር ቡድን በ2000 አካባቢ የሃሎፔሪዶል ታማሚዎችን አንጎል በስካን አይተው መድሃኒቱ መስራት የሚጀምረው የዶፓሚን (የአንጎል መልእክት አድራሽ ኬሚካል) መቀበያው 65 ከመቶ አካባቢ በመድሃኒቱ ሲያዝ ነው፣ 78 ከመቶ ሲያልፍ ግን መገተሩና መቁነጥነጡ ይመጣል። በመሀል ያለችው ቦታ ጠባብ ናት፣ ከዛ በላይ ሲጨመር የሚያድገው ጉዳቱ ነው። ነርሷ (መልስ 2) ያለችውን ስድስት ሳምንት ደግሞ ለሁለት ከፈለችው፣ ሙሉ ሙከራ ለመባል ጊዜው ያ ነው፣ ነገር ግን በቂ መጠን በትክክል እየተወሰደ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ለውጥ ከሌለ በስድስተኛውም የመምጣት ዕድሉ ትንሽ እንደሆነ ብዙ ጥናት አሳይቷል፣ ስለዚህ ሁለተኛው ሳምንት ላይ መነጋገር መጀመር አለበት። ነርሷ መጀመሪያ ትንሽ ተቆጣች፣ እኛ ጋ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ቀጠሮ የሚሰጥ የለም፣ ወር ነው ብላ፣ ከዛ ግን ስልክ መደወል እንደሚቻል አምና ተስማሙ።

መልስ 11። ሜሪላንድ የሚኖሩ አባት ናቸው። ልጃቸው ክሎዛፒን ላይ ነው፣ ሰዓት ገዝተውለታል፣ የልብ ምቱን ስልካቸው ላይ ያያሉ፣ ቁጭ ብሎም 110 ይላል፣ በየቀኑ ሊያገረሽበት ነው ብለው እየተሳቀቁ ነው የሚኖሩት። የሳቸውን ሳነብ ራሴን ነው ያየሁት።

መልስ 12። ፋርማሲስቱ ነው የመለሰላቸው፣ አባባ እያለ በጣም በትህትና። ክሎዛፒን ራሱ የልብ ምት እንደሚያፈጥን፣ ብዙ ሰው ላይ የሚታይ መሆኑን፣ ሰዓቱ ደግሞ ምቱ ከጭንቀት ይምጣ ከመድሃኒቱ መለየት እንደማይችል አስረዳቸው። የቁጥሩን ትልቅነት ሳይሆን ከራሱ ከልጁ የተለመደ ቁጥር መራቁን እንዲያዩ መከራቸው። ግን አንድ ነገር ጠበቅ አድርጎ አስጠነቀቀ፣ ክሎዛፒን በተጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምቱ ፈጥኖ ትኩሳት፣ የደረት ህመም ወይ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ የልብ ጡንቻ መቆጣት ሊሆን ስለሚችል ያኑ ቀን ሐኪም ጋ ነው። እግረ መንገዱንም የደም ምርመራው ለምን እንደሆነ ነገራቸው፣ በ1975 ፊንላንድ ውስጥ ነጭ የደም ህዋሳቸው አልቆ የሞቱ ሰዎች ስለነበሩ መድሃኒቱ ተገፍቶ ቆይቷል፣ በ1988 ኬን የሚባል ሐኪም የመራው ጥናት ሌላ መድሃኒት እምቢ ያላቸው ሰዎች ላይ ክሎዛፒን 30 ከመቶውን ሲያሻሽል ክሎርፕሮማዚን 4 ከመቶውን ብቻ ማሻሻሉን ካሳየ በኋላ ነው የተመለሰው። ፕሮፕራኖሎልን ደግሞ መልስ 9ን አይታችሁ ከፋርማሲ ራሳችሁ እንዳትገዙ፣ አስም ያለበትን ሰው ሊገድል ይችላል አለ።

መልስ 13። ጫት መጣ። አንድ ሰው ላቡም ብርገጋውም ከጫት ነው፣ ወንድምሽ ይቅማል አትደብቂ አለኝ። አይቅምም። እሱን ካልኩ በኋላ ግን ነገሩ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የታመመን ሰው ያነሳሳል። ነርሷ ግን እዚህ ላይ የተናገረችው ልቤን ነካው፣ ቡታጅራ ላይ ታማሚዎችንና አስታማሚዎችን አነጋግረው የጻፉ የኛው ተመራማሪዎች አሉ፣ ሰዎቹ ከሚቅሙበት ምክንያት አንዱ የመድሃኒቱን ድብታ ለመቋቋም ነው። ማለትም መድሃኒቱ ያስተኛዋል፣ ስራ መስራት አለበት፣ ይቅማል፣ ሰውነቱ ይነሳል፣ መድሃኒት ይጨመርለታል። ቁጣ ብቻ ይሄንን አይፈታውም፣ ድብታ አለብህ ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

መልስ 14። ከጫት ወደ ቡና ተሄደ፣ ሶስቱን ስኒ እናቁም ወይ ተባለ። ፋርማሲስቱ በአጭሩ፣ ቡና ክሎዛፒንን በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፣ የሲጋራ ጭስ ደግሞ ክሎዛፒንንም ኦላንዛፒን የሚባለውን ሌላ የህመሙን መድሃኒትም ዝቅ ያደርጋል፣ ስለዚህ በድንገት አትጀምሩ በድንገትም አታቁሙ፣ ከቀየራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ አለ። ከዛ ስለ ሐረርና ይርጋጨፌ ሀያ የሚሆን ኮሜንት አለ፣ እሱን ዘልዬዋለሁ።

መልስ 15። ለንደን የአእምሮ ጤና ደጋፊ ሆኖ የሚሰራ ልጅ ነው፣ የሁላችንንም ቤት ነው ያንኳኳው። በ1979 እዛው ለንደን ታሪየርና ሌፍ ከነጓደኞቻቸው ታማሚዎቹ ቤት ድረስ ሄደው ቆዳቸውን ለኩ። መጀመሪያ አስራ አምስት ደቂቃ ያለ ዘመድ፣ ከዛ ዘመዱ ገብቶ አብሮ ይቀመጣል። ዘመዱ ሳይገባ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሲገባ ግን፣ ብዙ የማይወቅሰውና የማይጫነው ሰው የገባባቸው ሰውነታቸው እየረገበ ሄደ፣ ወቃሽና ተቆጪ የገባባቸው ግን እንደተወጠሩ ቀሩ። ቀደም ብሎ በ1976 ቮንና ሌፍ ያሳተሙትንም ጨመረልን፣ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በዘጠኝ ወር ውስጥ ያገረሸባቸው ሰዎች ረጋ ያለ ቤት ውስጥ 13 ከመቶ ናቸው፣ ወቀሳ የበዛበት ቤት ገብተው ከዘመዱ ጋር በሳምንት ከ35 ሰዓት በላይ ፊት ለፊት የሚውሉት ግን መድሃኒት እየወሰዱም 53 ከመቶ፣ ካልወሰዱ 92 ከመቶ። መድሃኒቱ ከለላ ነው፣ ግን ከለላውን ጩኸቱ ይበሳዋል።

እዚህ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ወጥቼ ግቢ ተቀመጥኩ። እኔም እጮህበታለሁ። ተነስ፣ ታጠብ፣ እስከመቼ ትተኛለህ፣ በቀን ስንቴ እንደምለው ቆጥሬ አላቅም። አባቴም ሲገባ በሩን በእግሩ ነው የሚገፋው።

መልስ 16። የደሴዋ እናት ተመለሱ፣ በጣም ተቆጥተው። ሃያ ዓመት አስታመው፣ ወርቃቸውን ሸጠው መድሃኒት ገዝተው፣ በመጨረሻ እሳቸው ናቸው ያሳመሟት ሊባሉ እንደሆነ ጻፉ። ከልጅቷ ጋር ውሎ የማያውቅ ፈረንጅ ሰዓት ይዞ ሊለካቸው እንደማይገባ፣ ከ35 ሰዓት በታች እንዲያዩዋት ከተፈለገ የት ሊያስቀምጧት እንደሆነ ጠየቁ፣ አንድ ክፍል ቤት ነው ያላቸው። የተቆጡት አላግባብ አይደለም።

መልስ 17። የለንደኑ ልጅ በትህትና ይቅርታ ጠይቆ አብራራላቸው። ቤተሰብ ህመሙን አመጣው የሚል ነገር እንደሌለ፣ ወቀሳው ራሱ የሚመጣው ከድካምና ከፍርሃት እንደሆነ፣ ለዛም ነው እነዚህ ሰዎች ጥናቱን ይዘው ቤተሰብን ከመውቀስ ይልቅ ቤተሰብን ማሰልጠን የጀመሩት፣ ስልጠናውም ማገርሸትን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናት ተረጋግጧል። አንድ ክፍል ቤት ላለው ሰው የሚደረገውም ሰውን ማራቅ ሳይሆን በቀን ለአንድ ሁለት ሰዓት እሷ ወይም እሳቸው ሌላ ቦታ የሚውሉበትን ነገር መፈለግ ነው፣ ማህበርም ይሁን ጎረቤት ቤት ቡና። እማማ ለሱ አልመለሱም፣ ለኔ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ተነጋግረናል።

መልስ 18። ነርሷ ናት፣ ደብተር ያዙ አለች። በየቀኑ አንድ መስመር፦ ለስንት ሰዓት ተኛ፣ መድሃኒቱን ዋጠ ወይ (ሲውጥ አይታችሁ)፣ አርቴን አለ ወይስ አልቋል፣ ተቁነጠነጠ ወይ፣ የተቁነጠነጠው እግሩ ነው ሀሳቡ፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ነበር ወይ። ላቡንም ጻፊው፣ ግን ብቻውን አታንብቢው አለችኝ።

ይዤው ሰነበትኩ። ባለፈው ማክሰኞ ቀጠሮ ነበረን፣ ደብተሩን ዶክተሯ ፊት ዘረጋሁት፣ ገፅ በገፅ አነበበችው፣ መጠኑን ልትጨምር እያሰበች እንደነበር ነገረችንና አልጨመረችም፣ በሶስት ሳምንት እንድንመለስ ቀጠረችን። የመልስ 9ን ጥያቄ እዛው ጠየቀችው፣ እግርህ ነው ሀሳብህ ብላ። ወንድሜ ትንሽ ዝም ብሎ ሁለቱም እንዳልሆነ ነገራት። በሩ ነው አለ፣ ቆርቆሮው ሲጮህ ሊወስዱት የመጡ ነው የሚመስለው፣ ያኔ ያመመው ጊዜ ሰዎች ገፍተውት ገብተው ነበር የወሰዱት። ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ይሄን ለማናችንም ነግሮን አያውቅም፣ የጠየቀውም አልነበረም።

አባቴ ቅዳሜ ከጎሚስታ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይዞ መጣ። መቀርቀሪያው የሚመታበት ቦታ ላይ ቸነከረው፣ ከውጭ በኩል ደግሞ ስልክ ቁጥሬን በቀለም ጻፍንና የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ይደውላል። የስልኬ ጀርባ ላይ አሁንም አሻራው አለ፣ አልጠፋም። ዛሬ ጠዋት አራት ጣት ሳይሆን ሁለት ነው፣ አርቴኑ አለ፣ ለሰባት ሰዓት ተኝቷል፣ ጽፌዋለሁ።